የጉሮሮ ዘበኞች

ገላ አምባ ዙሪያዋን በቅጥር የታጠረች የኮረብታ ላይ ከተማ ነበረች። ከሩቅ ሲያዩዋት አንድ ወጥ ነገር ትመስላለች፤ ገብቶ ላያት ግን ቤት ከቤት የተጠጋጋባት፣ ቆጥረው የማይጨርሷት ናት። እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ስስ ግድግዳ፣ ለራሱ በር፣ ለራሱ ምድጃ አለው። በር ላይ የሚቀመጠው ሰው የሚያውቀውን ያስገባል፣ ያላወቀውን ይመልሳል። እሳቱ ከምድጃው አይጠፋም። በየጓዳው ደግሞ ዘር የሚቀመጥበት ጎታ አለ፤ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ከጎታው እኩል ተካፍሎ ይሄዳል፣ የአባቱም ጎታ ቢሆን አይጎድልም። ቤት ከቤት እየተከፈለ የሚበዛው እንዲህ ነበር። ያረጀውን ቤት ጊዜው ሲደርስ ባለቤቱ ራሱ ያፈርሰዋል፤ ማገሩንና ጭቃውን ጎረቤት ወስዶ ይሠራበታል። በዚህ የሚቀየም የለም። አልፈርስ ያለ ቤት ጎረቤቱን ያፈርሳል ይላሉ የአገሩ ሰዎች።

እንዳላማው የዚህች ከተማ ዘብ ነበር። ዘብነት በገላ አምባ ማንም ተነሥቶ የሚገባበት ሥራ አይደለም። ዘብ የሚሆኑት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለብቻቸው በአንድ ቤት ያድጋሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ዋናው ትምህርት ጦር መወርወር አልነበረም፤ ወገንን ማወቅ ነበር። አሳዳጊዎቹ የከተማዋን ሰው በየተራ፣ አንዱን ፊቱን ሸፍነው፣ ሌላውን ጀርባውን አዙረው ያቀርቡላቸዋል። በወገኑ ላይ ዱላ ያነሣ ያንኑ ዕለት ይሰናበታል። ከገቡት የሚበልጡት ተሰናብተው ነው የሚቀሩት። እንዳላማው ካለፉት ጥቂቶች አንዱ ስለነበር በዚህ ይኮራል። «የኔ እጅ ወገኑን ያውቃል» ይል ነበር፣ ሲጫወትም ሳይጫወትም።

ሚስቱ አያልነሽ የውሃ ቤቱ ልጅ ናት። ውሃ ቤቱ ከከተማዋ መካከል ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ የተሠራ፣ የገላ አምባ ሰው ሁሉ በውሃው በሕይወት የሚኖርበት ቤት ነው። ከላይ የሚመጣው ውሃ ወደ ገንዳው የሚገባበት ሁለት ክንፍ ያለው በር አለው። ውሃ ሲመጣ ሁለቱ ክንፎች ይከፈታሉ፤ ገንዳው ሲሞላ ይዘጋሉ፤ ያኔ ውሃው የመጣበትን መንገድ ሲያጣ ተገፍቶ በቦዮቹ ወደ ከተማዋ ሁሉ ይወጣል። ክንፎቹ በጠንካራ ጠፍር የተያዙ ናቸው፤ ጠፍሩን የሚይዙት ደግሞ በር ጠባቂዎቹ። የቀኙን ክንፍ የአያልነሽ አባት አያ ሽባባው፣ የግራውን አያልነሽ ራሷ ትይዛለች፤ ሲደክማቸው ዘመዶቻቸው ይተኳቸዋል። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሁለት ድምፅ ያሰማል፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ያለ። የከተማዋ ሰው በዚያ ድምፅ ውስጥ ተወልዶ በዚያ ድምፅ ውስጥ ስለሚያረጅ አይሰማውም። ሌላ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ብቻ የመጀመሪያ ዕለት ቆም ብሎ «ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?» ይላል፤ በማግስቱ እሱም ይረሳዋል።

አያ ሽባባው ቀልደኛ ሽማግሌ ነበሩ። እንዳላማው ከጥበቃ ወርዶ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ገና ከደጅ ድምፁን ሰምተው «ጦርህን እዚያው አቁመው፤ እዚህ ቤት ከውሃ ጋር እንጂ ከሰው ጋር አንዋጋም» ይሉታል። የሚለብሱት ደበሎ ነበር፤ ውሃው ቀን ከሌት ስለሚረጫቸው የበጉን ጠጉር ወደ ውጭ ገልብጠው ነው የሚለብሱት። አያልነሽም እንዲሁ። እንዳላማው ሲያገባት የተሞሸረችው በዚያ ደበሎ ነው፤ «ሙሽራዪቱን ከበግ ለይታችሁ አምጡ» ብለው ሚዜዎቹ ስቀዋል።

ወደ ከተማዋ የሚገባው ነገር ሁሉ፣ እህሉም፣ ጨውም፣ ነፋሱም ሳይቀር የሚያልፈው ከላይ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። ስሙ ጉሮሮ ይባላል። አንድ ዓመት በብርድ ወራት በዚህ በጉሮሮ በኩል ሌቦች ገቡ። እንደሌላ ሌባ ተበትነው አይደለም የመጡት፤ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ አንዱ ከአንዱ ተያይዘው፣ ረድፍ ሠርተው ነው። ደበሎ ለብሰዋል፣ ጠጉሩን ወደ ውጭ ገልብጠው። መተላለፊያው ላይ ሰፈሩና የሚያልፈውን መዝረፍ ጀመሩ። በአካባቢው ያለው ሰፈር ቀላ፣ አበጠ፣ ጋለ፤ ወሬ እንኳ በጉሮሮ ሲያልፍ የሚያም ሆነ።

የዘብ አለቃው ባሻ ጓንጉል ነገሩን አቃለሉት። ጎበዝ ሰው ነበሩ፤ ጎበዝ ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር ይንቃል።

«ጉሮሮ ነው፤ ያልፋል» አሉ።

እማሆይ ድንቅነሽ በሸንጎው ላይ ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚያው በመተላለፊያው አጠገብ ነው፤ ሸንጎው ስለ ጉሮሮ ነገር ሲነሳ አስተያየታቸውን ሳይሰማ አይበተንም።

«ባሻ፣ ጉሮሮማ ያልፋል» አሏቸው። «ያለፈው የት እንደሚያርፍ ነው የማናውቀው። ሰው የሚልኩ ከሆነ ጀምሮ የሚተው አይላኩ። የመጨረሻዋ ዶቃ እስክትበጠስ ይጥረጉ።»

ዘቦቹ ወጡ። መጀመሪያ የያዙትን ሌባ ገፍፈው ደበሎውን ለባሻ አመጡላቸው። ባሻም ደበሎውን በእንጨት ላይ ሰቀሉና ዘቦቹን ሁሉ በተራ አሳለፏቸው። እያንዳንዱ ዳሰሰው፣ አሸተተው፣ ጠጉሩን በጣቱ ፈተለው።

«ይህን ልብስ ያየ ዘብ አይጠይቅ» አሉ ባሻ። «ጠይቆ የሚመታ ዘብ ተመትቶ ይገኛል።»

እንዳላማው ተራው ደርሶ ጠጉሩን ሲነካ እጁ አንድ ነገር ያወቀ መሰለው። ጠጉሩን መልሶ ዳሰሰው። ከዚያ «ባሻ፣ ከኛም ዘንድ እኮ ደበሎ የሚለብስ አለ» አለ።

ባሻ ፈገግ አሉ። «የራሱን ሰው የማያውቅ ዘብ አይተህ ታውቃለህ?»

ሰዎቹ ሳቁ፤ እንዳላማውም አብሮ ሳቀ። የሚያሳፍር ጥያቄ የጠየቀ መስሎት ነበር።

ጉሮሮ ላይ የተደረገው ውጊያ አልከበደም። ሌቦቹ ተመቱ፣ ረድፋቸው ተበጠሰ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ መንገዱ ተከፈተ። ሁከቱ ሲበርድ ዘቦቹ ሥራው አልቋል ብለው ተመለሱ። እማሆይ «ጨረሳችሁ?» ብለው ሲጠይቁ «አሁን አያመንም» የሚል መልስ አገኙ። የጠየቁት ሌላ፣ የተመለሰላቸው ሌላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ። ሌባ የለም። ዘቦቹ ግን ማረፍ አቃታቸው። የዳሰሱት ጠጉር ከእጃቸው አልወጣ አለ። ቁጥራቸው በዝቷል፣ ጦራቸው ተስሏል፣ በየቦዩ ዳር እየዞሩ የሚፈልገውን ነገር እንዳጣ ሰው ይቁነጠነጣሉ።

መጀመሪያ የተመታው ጉልበት የሚባለው የቦይ መታጠፊያ ጠባቂ ነው። ቦዮቹ በሚገጣጠሙበት በሚገጣጠሙበት የሚቀመጡት ሰዎችም ውሃ ስለሚረጫቸው ደበሎ ይለብሳሉ። ዘቦች መጡ፣ መቱት፣ መታጠፊያው አበጠ፣ ውሃው ለመተላለፍ ተቸገረ። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ተነሣ፤ ምንም እንዳልሆነ ወደ ሥራው ተመለሰ። እሱ ሲድን ደግሞ ክርን የሚባለው መታጠፊያ ጠባቂ ተመታ። እሱም ዳነ። ከዚያ ሌላው። ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፤ አንዱን ሲለቅ ሌላውን ሲይዝ ከረመ። ሁሉም ስለሚድኑ ሰው እንደ ቀልድ ያወራው ጀመር።

አያ ሽባባው አልሳቁም። አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዳላማው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ጠፍሩን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው እጃቸውን እያደረቁ መጡ።

«የጉልበቱን ሰው ማን መታው?» አሉት።

«ዘብ ነው አባቴ። ተሳስተው።»

«የክርኑንስ?»

«እሱንም።»

«እንዲያ ነው። ዘብ ስንቴ ነው የሚሳሳተው?»

እንዳላማው እንጀራውን እየቆረሰ «ድነዋል እኮ አባቴ። አንዱ እንኳ የቀረበት ነገር የለም» አለ።

«የተመቱት መዳናቸውን አይቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «የመታቸው ድኗል ወይ ነው የምልህ።»

አያልነሽ ከግራው ክንፍ ሆና ትሰማ ነበር። ጠፍሩን ሳትለቅ «አባባ፣ ደበሎውን ገልብጠን ብንለብሰውስ? ጠጉሩን ወደ ውስጥ» አለች።

«ቆዳው በውሃ በስብሶ ያልቃል ልጄ። ደግሞ በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ወገኔ ለመደበቅ ማንን መስዬ ልቀመጥ?»

ያን ጊዜ ነው እንዳላማው ያንን ቃል የተናገረው። በልቶ እጁን ታጥቦ፣ ጦሩን ከደጅ አንሥቶ፣ ወደ ውስጥ አንገቱን አስግጎ «አይስጉ አባቴ። እኔ እያለሁ እዚህ በር ማንም አይደርስም» አላቸው። ከአንጀቱ ነበር። ሽማግሌውም ከአንጀቱ መሆኑን ስላወቁ «እግዜር ይስጥህ» ብለው ወደ ጠፍራቸው ተመለሱ።

የሆነው ነገር የሆነው ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ጉም ግን ገና ከከተማዋ ሳይነሣ። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። አንድ ሰው «ዘልቀዋል» አለ። ሌላው «ውስጥ ናቸው» አለ። ዘቦቹ ይህን ቃል ሲጠብቁ የከረሙ ያህል ከየቦዩ ዳር ተነሥተው ሮጡ። እንዳላማው ከሁሉ ፊት ነበር፤ እግሩ ፈጣን ነው። ወዴት እንደሚሮጥ አልጠየቀም። እግሩ የሚያውቀው መንገድ ነበር፤ ምሳ ሊበላ በየቀኑ የሚመጣበት መንገድ።

በጉሙ ውስጥ በሩ ላይ ያጎነበሰ ነጭ ጠጉር አየ።

በኋላ ሸንጎ ፊት ሲጠይቁት «ፊቱን አላየህም ወይ?» አሉት። ያየው ጠጉሩን ነበር። ሌላ ነገር ለማየት ሐሳብ ያስፈልጋል፤ ሐሳብ ደግሞ ከእጁ ኋላ ቀረ። ጦሩ ሲገባ የተሰማው የበግ ቆዳ ሲበሳ የሚሰማው ነገር ነው። ከዚያ ሌላም ነገር ተሰማው። ያጎነበሰው ሰው ቀስ ብሎ ቀና አለና ዞረ።

አያ ሽባባው አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ ቢሆን ኖሮ እንዳላማው ዕድሜውን ሙሉ በቻለው ነበር። መገረም ነበር። አንድ ሰው የገዛ እጁ ጥፊ ሲያሳርፍበት እንዲያ ይመለከት ይሆናል።

«አንተ ነህ?» አሉት።

ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ጠፍሩን ግን አልለቀቁም፤ እንደጨበጡት በጉልበታቸው ተንበረከኩ።

እንዳላማው ጦሩን ለመንቀል እጁን ሲሰድ ከኋላው የመጡት ደረሱ። እሱ አንዱን መትቷልና ጥርጣሬ የሚባል ነገር ከነሱ ዘንድ አልቀረም። አንዱ የበሩን ክንፍ በጎራዴ ቆረጠው፤ ሌላው የግራውን ጠፍር በጠሰው። የግራው ክንፍ ጋ ሌላ ነጭ ጠጉር ነበር። «ተዉ» አለ እንዳላማው፤ የራሱ ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ከሩቅ ተሰማው። ዘሎ በአያልነሽ ላይ ወደቀባት። ዱላው በጀርባው ላይ ይወርድ ነበር፤ የሚመቱት አብረውት ያደጉ፣ ከአንድ መሶብ የበሉ ጓዶቹ ናቸው። ከሥሩ አያልነሽ አትጮህም። ቀኝ ክንዷ ተሰብሮ ነበርና ትንፋሿ ብቻ በጆሮው ላይ አጭር አጭር እያለ ይሰማዋል።

ከዚያ ሁሉም ባንዴ ቆመ። የቆሙት እንዳላማውን ስላወቁት አይደለም። አንድ ነገር ጎድሎባቸው ነው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ጊዜ ፈጀባቸው። ድምፁ ነበር። በሩ ቆሟል።

የገላ አምባ ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ከየቤቱ ወጣ። ሕፃን የያዘችው ሕፃኗን እንዳቀፈች፣ ሊጥ የምታቦካው እጇን እንደነከረች። ማንም ማንንም አልጠራም። በዚያ ከተማ የኖረ ሰው ጸጥታ ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበርና ሁሉም አፉን ከፍቶ አየሩን ያዳምጥ ጀመር። አንዳንዱ በቆመበት ተዝለፍልፎ ወደቀ።

አያልነሽ ከባሏ ሥር ተንሸራትታ ወጣች። በአንድ እጇ የተበጠሰውን ጠፍር አንሥታ፣ ጫፉን በወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ወደ ኋላ ተደገፈች። ክንፉ ተንቀሳቀሰ። ከዘቦቹ መካከል ተነሥቶ የቀኙን ጠፍር ለመያዝ የመጀመሪያው እንዳላማው ነው፤ ከሞቱት ሽማግሌ እጅ ለማውጣት ጣቶቹን አንድ በአንድ መፍታት ነበረበት።

ድምፁ ተመለሰ። ግን ያው አልነበረም። በወፍራሙና በቀጭኑ መካከል አሁን አንድ ነገር ገብቷል፤ እሽ እሽ የሚል፣ ሰው በጥርሱ መካከል የሚያሾልከው ዓይነት ሹክሹክታ። አናጢ መጥቶ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ብዙ አዳመጠ።

«አይገጥምም» አለ። «የተቆረጠው ጠባሳ ሲያወጣ ክንፉ ይኮማተራል። ሲዘጋ ውሃው በስንጥቁ ወደ ኋላ ይመለሳል።»

«ይጠገናል?» አሉት።

«ይሠራል» አለ አናጢው፤ የተጠየቀውን ግን አልመለሰም።

ውሃው ወደ ኋላ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ የረጠበው ከውሃ ቤቱ በላይ ያለው ሰፈር ነው፤ ነፋስ የሚገባበት፣ አየሩ ጥሩ የሚባልለት። ሰው ተጋድሞ ሲተኛ ውሃው እስከ አንገቱ እየደረሰ ያንቀው ጀመር፤ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀና ብሎ ካልሆነ እንቅልፍ የለም። ጥቂት ሲራመዱ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ቆይቶ ታች እግር ያለው ሰፈር አበጠ። መሬቱ ውሃ ጠግቦ ተነፋ፤ በጣት የተጫኑት ቦታ ይሰረጉድና ሳይሞላ ይቆያል። ከተማዋ አልሞተችም። ግን ዳገት መውጣት የማትችል ከተማ ሆነች።

ሸንጎ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ የመጣው የሌባ ሬሳ ሊያይ ነበር፤ የሌባ ሬሳ አልነበረም። ባሻ ጓንጉል ቀርበው ተናገሩ።

«ልብሱን አየን፤ መታን። ትእዛዙ ይኸው ነበር። የተሳሳተ ዘብ ቢኖር አውጥቼ እሰጣችኋለሁ፤ ነገር ግን አንዱም ከታዘዘው አልወጣም።»

ውሸት ነው የሚላቸው ጠፋ። ያስደነገጠው ይህ ነው። ክፋት ፈልገው ነበር፤ ያገኙት ታማኝነት ሆነ። አንድ ሽማግሌ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ «ታዲያ ሌባው የታለ?» ሲል ጠየቀ።

«ሌባውማ ከሄደ ሰንብቷል» አሉ እማሆይ ድንቅነሽ። «ልብሱን ነው ትቶልን የሄደው። እሱም በዓይናችን ላይ ነው የቀረው።»

እንዳላማው ጦሩን በሸንጎው መካከል አስቀመጠና «የመጀመሪያውን የመታሁ እኔ ነኝ። ደሙ በኔ ላይ ነው» አለ። በአገሩ ሥርዓት ገዳይ ለሟች ወገን ደም ይከፍላል፤ ወገን ከወገን ተቃርቦ ይታረቃል። ሽማግሌዎቹ የሟችን ወገን ጠሩ፤ አያልነሽ ክንዷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመች። የገዳይን ወገን ጠሩ፤ ማንም አልቆመም፤ እሷው ነበረችና። ልጆቻቸውም የሁለቱም ናቸው። ደሙን ከማን ተቀብለው ለማን ይስጡ? ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም።

በመጨረሻ የፈረዱት እንዲህ ነው። እንዳላማው ጦሩን ይተው፤ ያለ ጠባቂ ያስቀረውን ክንፍ ይያዝ፣ የገደለውን ሰው ደበሎ ይልበስ። እማሆይ ሌላ አንድ ነገር ጨመሩ። በየወሩ፣ ከዓመት እስከ ዓመት፣ ሌባ ቢኖርም ባይኖርም ጉሮሮ ይጠረግ አሉ።

ባሻ ጓንጉል ቅር አላቸው። «ያልመጣ ሌባ በየወሩ እንጥረግ ነው የሚሉን?»

«ሌባውን ፈርቼ አይደለም ባሻ። ያ ልብስ እንደገና በጉሮሮ ብቅ ካለ የሚነሡት ልጆችዎ ናቸው። ዘብ አይረሳም። ሲነሡ ደግሞ የሚያውቁት መንገድ አላቸው።»

ባሻ እያጉረመረሙ ወጡ። በዚያው ወር ግን ጉሮሮ ተጠረገ።

እንዳላማው ደበሎውን ለበሰ። ጦሩ የገባበትን ቀዳዳ አያልነሽ ሰፍታው ነበር። ፊት ለፊት ቆመው፣ እሱ በቀኝ፣ እሷ ክንዷ ሻል ሲላት በግራ፣ ጠፍሩን ይስባሉ። በአንድ ላይ ካልሳቡ በሩ አይዘጋምና እየተያዩ መሳብ ነበረባቸው። አልተነጋገሩም። ምሳውን ታቀርብለታለች፤ ይበላል። አንድ ቀን ዘብ ጓዱ ለሥራ በውሃ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ በጉሙ ውስጥ ቆም ብሎ ወደ ውስጥ አየ። እንዳላማው ሰውየው ያየው ፊቱን ይሁን ደበሎውን ማወቅ አልቻለም። ላብ አጠመቀው። ጠፍሩን ግን አልለቀቀም፤ አማቱ ያን ጠዋት ጠፍሩን ለምን እንዳልለቀቁ የገባው ያኔ ነው። ዘቡ ጥቂት ቆሞ አለፈ።

የአያ ሽባባው ተዝካር ደረሰ። ከተማው ሁሉ ተጠራ፤ ዘቦቹም ተጠሩ። ይመጣሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ባሻ ጓንጉል አስከትለዋቸው መጡና በአንድ ወገን በረድፍ ተቀመጡ። እህል ቀረበ፤ የሚጎርሱት ጎንበስ ብለው ነው። ከውሃ ቤቱ ያ ሹክሹክታ ያለበት ድምፅ ይሰማል፤ በዚያ ሳምንት ጠፍሩን የያዙት ዘመዶች ናቸው።

ተበልቶ ሲያበቃ አያልነሽ ተነሣች። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ድምፅዋን የሰማ ሰው የለም። በደንብ ያልገጠመ ክንዷን በጤነኛው እጇ ደግፋ፣ በዘቦቹ ፊት ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ በለሆሳስ ሙሾ አወጣች፦

ወዳጅ ተመታብን፣ ሌባ ነው እያሉ፤
ጉሮሮ ጠባቂ፣ ዘበኞች ልብ በሉ።

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ስድብ ጠብቆ ነበር፣ እርግማን ጠብቆ ነበር፤ የመጣው ምክር ሆነ። ባሻ ጓንጉል ከተቀመጡበት ከፍ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡ።

«እንላለን እመቤት» አሉ። «ከእንግዲህ ልብ እንላለን።»

ዘቦቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳንዶቹ እንባቸውን ጠረጉ። እንዳላማው ብቻ አልነቀነቀም፤ ሚስቱን ያውቃታል፤ ነገሯን ገና እንዳልጨረሰች ከአቋቋሟ አይቷል።

አያልነሽ ዓይኗን ከመሬት አነሣች። ዘቦቹን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተቻቸው፤ የመጨረሻ ያየችው ባሏን ነው። ከዚያ ያንኑ ስንኝ ደገመችው። አንዲት ፊደል አልለወጠችም። አሁን ግን የመጨረሻዋን ቃል አላላላቻትም፤ በጥርሷ መካከል ይዛ አጠበቀቻት፦

ጉሮሮ ጠባቂ፣ ዘበኞች ልብ በሉ።